የአሮጌው አምፕሊፋየር እውነተኛ ኃይል ስንት ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፤ በሳይንስ ክበብ ስም አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)






 የምናገረው ስለ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ ነው። ዕቃውም እነሆ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት፤ ፊቱ ብር የመሰለው፤ ጎኑ እንጨት የለበሰው ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ነው። አሁን የምትሰሙት ድምፄም ወደ እናንተ የሚደርሰው በእርሱ በኩል ነው።

አምፕሊፋየር ማለት ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ፤ እስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። ስቴሪዮ መባሉ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለየብቻ የሚያጎሉ ሁለት ወገኖች ስላሉት ነው። ምልክቱን የሚመርጠው፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክለውና ኃይል የሚሰጠው ክፍል ሁሉ ባንድ ሣጥን ውስጥ ስለ ተሰበሰበ ደግሞ ኢንተግሬትድ ይባላል። አምሓ እሸቴ በአዲስ አበባ ባቋቋመው አምሓ ሪከርድስ አማካይነት፤ እ. ኤ. አ. ከ1969 ጀምሮ ያገራችንን ዘፈን በሸክላ ሲያሳትም፤ በዓለም ላይ ትራንዚስተር የቀድሞውን የመስታወት ቫልቭ ከቤት አምፕሊፋየር እያስወጣ ነበር። ይህም የኛ ዕቃ ትንሽ ቈይቶ በጃፓን የተሠራ የዚያው የትራንዚስተር ዘመን ልጅ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ከሰጠው በኋላ ዕቃ ቤት ጥግ ተቀምጦ ብዙ አቧራ ጠጥቷል። ያወጣነው ደግሞ በችግር ምክንያት ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት የሰሜን ወሎ ትምህርት ቤቶች ብዙ ንብረት እንዳጡ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ባለፈው ዓመት ለአዳራሹና ለሜዳው የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። ገንዘቡም ማሽላ ሸጠው፤ ጤፍ ሸጠው ወላጆቻችን ያዋጡት ነው። ከአንድ ሱቅ የቀረበው አዲስ ዕቃ በካርቶኑ ላይ «1000 ዋት» የሚል በትልቅ ፊደል ተጽፎበት ነበር።

እኔም በኮሚቴው ፊት ተነሥቼ፤ «አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ በዕቃ ቤታችን ውስጥ ጥሩ አምፕሊፋየር አለ፤ 120 ዋት ነው፤ ከጀርባው ተጽፏል» አልሁ። በጣም እርግጠኛ ሆኜ ነበር የተናገርሁት። ያን ጊዜ ከአባቶች አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «ልጄ፤ ይህ 120 የምትለው ቁናው ተቈልሎ ነው ወይስ ተጠርጎ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። የፊዚክስ መምህራችንም፤ «እንግዲያውስ ለክታችሁ አምጡ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ዛሬ የምነግራችሁ እንዴት እንደ ለካን፤ ምን እንዳገኘንና በመጨረሻ ለእኒያ አባት ምን ብዬ እንደ መለስሁ ነው።

በመጀመሪያ የተማርነው መለኪያውን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው። በእንዲህ ያለ ሣጥን ውስጥ 220 ቮልት ይገባል፤ ከዚህም ሌላ ኮንደንሰር የሚባሉት ዕቃዎች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኤሌክትሪክ አምቀው ይቈያሉ። ስለዚህ ክዳኑን የከፈቱት መምህራችን ራሳቸው ናቸው፤ እኛ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ተመለከትን። በጃፓን የቤት መብራት 100 ቮልት ስለ ሆነ፤ ከጀርባው ያለው የቮልት መምረጫ በ220 ላይ መሆኑን አየን። ሁለተኛም ብዙ ዘመን ያልሠራ ዕቃ በቀጥታ አይሰካም። አንድ ባለ 100 ዋት የቀድሞ ዓይነት የክር አምፖል በመስመሩ መካከል በተከታታይ አስገባን። በዕቃው ውስጥ መስመር የተነካካ ቢሆን አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ በርቶ ይቀራል፤ ጤነኛ ቢሆን ግን ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። የኛው ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። አንድ የከተማ ጠጋኝ «ሞቷል፤ ጣሉት» ብሎን ስለ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ያጨበጨብነው ጭብጨባ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቀጥሎ፤ ምንም ምልክት ሳይገባበት፤ በእስፒከሩ መውጫ ላይ ቀጥተኛ ቮልት መኖሩንና አለመኖሩን ለካን። እንዲህ ያለ ቮልት ከበዛ እስፒከሩን ያቃጥላል። በግራ 18፤ በቀኝ 25 ሚሊቮልት ብቻ አገኘን። ይህ ደኅና ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኃይል ሲለካ እስፒከር አይጠቀሙም፤ ምክንያቱም የእስፒከር ሬዚስታንስ እንደ ድምፁ ድግግሞሽ ይለዋወጣል፤ ጩኸቱም ጆሮን ይጐዳል። በእስፒከር ፈንታ ሁልጊዜ 8 ኦም የሆነ ሬዚስታንስ ያስፈልጋል። ይህን ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበረን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ተጠቀምን። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚበላ ሽቦ ሬዚስታንሱ 48 ኦም ያህል ነው፤ ስድስት እኩል ቦታ ቢከፈል እያንዳንዱ ክፋይ 8 ኦም ይሆናል። ሁለቱን ክፋይ በመልቲሜትር እየለካን አስተካክለን፤ በጡብ ላይ ወጠርናቸው፤ አንዱን ለግራ፤ አንዱን ለቀኝ አደረግን። እንጀራ ለመጋገር የተፈጠረ ነገር ለሳይንስም አገለገለን።

ምልክቱን ያገኘነው ከስልክ ነው። ንጹሕ የሳይን ሞገድ የሚያሰማ ፕሮግራም ጭነን በ400 ሄርትዝ አስጀመርነው። 400 የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሽ መልቲሜትር የተሠራው 50 ሄርትዝ ለሆነው ለቤት መብራት ስለ ሆነ፤ ድግግሞሹ በጣም ከፍ ሲል የሚናገረው ቁጥር እውነት አይሆንም። ሞገዱን በዓይን ለማየት ደግሞ መምህራችን ኦሲሎስኮፕ በውሰት አመጡልን።

የድምፁን ቁልፍ ቀስ በቀስ ከፍ ስናደርግ በኦሲሎስኮፑ ላይ ያለው ሞገድ እንደ ለስላሳ ኮረብታ እያደገ ሄደ። ባንድ ቦታ ላይ ግን አናቱ በማጭድ እንደ ተቈረጠ ጠፍጣፋ ሆነ። ይህ የአምፕሊፋየሩ የኃይሉ ወሰን ነው። ከዚያ በላይ ቁልፉን ቢያዞሩት የሚጨምረው ድምፅ ሳይሆን መዛባት ነው። ስለዚህ አናቱ መቈረጥ ከመጀመሩ ጥቂት ዝቅ ብለን ቮልቱን አነበብን። አንዱን ወገን ብቻ ስናሠራው 14.6 ቮልት ሆነ። ሁለቱን ወገን ባንድ ጊዜ ስናሠራቸው ግን በየአንዳንዱ 13.8 ቮልት ሆነ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚመገቡት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው።

ኃይል ማለት ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ነው። 13.8 በ13.8 ሲባዛ 190.4 ይሆናል፤ ይህም ለ8 ሲካፈል 23.8 ዋት ነው። ስለዚህ በየወገኑ 24 ዋት ያህል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ ልቤ ምን ያህል እንደ ደነገጠ ልነግራችሁ አልችልም። በኮሚቴ ፊት 120 ብያለሁ፤ የተገኘው 24 ነው! መምህራችን ዕቃውን ገልብጠው ከጀርባው የተለጠፈውን ሰሌዳ አሳዩን። 120 ዋት የተባለው ከመብራት መስመር የሚበላው ነበር እንጂ ለእስፒከር የሚሰጠው አልነበረም። የሚበላው ሁሉ ድምፅ አይሆንም፤ ብዙው በሙቀት ይወጣል። እኔ የበሬውን ቀለብ ያረሰው መሬት አድርጌ ቈጥሬው ነበር።

በዚህ ጊዜ ከክበባችን አንዱ ጓደኛችን መላ አመጣ። «24 ለምን እንላለን? አንዱን ወገን ብቻ ብናሠራ 26.6 ዋት ነው። የሞገዱን አናት ብቻ ብንቈጥር ደግሞ የ24 ዕጥፍ 48 ይሆናል። የሁለቱን ወገን አናት ብንደምር 95 ይሆናል። 95 ደግሞ ከ120 ብዙ አይርቅም፤ ውሸትም አይደለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ውሸት አልነበረም። አንዱ ዕቃ 24፤ 27፤ 48፤ 95 ሊባል ይችላል፤ እያንዳንዱም ቁጥር በስሌት የተገኘ ነው። ነገር ግን ይህ በገበያ ቁናን መቈለልና መጥረግ ነው። ቁናው ያው ቁና ነው፤ ሻጩ ጠርጎ ሲሰጥና ገዢው ቈልሎ ሲቀበል ግን ስምምነት የለም። መጣላት የሚመጣው ከቁጥሩ ሳይሆን፤ እንዴት እንደ ተሰፈረ ሳይነገር ከመቅረቱ ነው።

በኋላ ስናነብ ይህ ፈተና በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ተረዳን። በአሜሪካ እ. ኤ. አ. በ1960ዎቹ አምፕሊፋየር ሻጮች እየተፎካከሩ ዋቱን ስላጋነኑት ገዢው የሚያምነው ቁጥር አጣ። ስለዚህ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ. ኤ. አ. በ1974 ደንብ አወጣ። በዚያም ደንብ መሠረት የቤት አምፕሊፋየር ኃይሉ ሲነገር ያላቋረጠ ኃይል መሆን ነበረበት፤ በስንት ኦም፤ ከየትኛው ድግግሞሽ እስከ የትኛው፤ በስንት መዛባት እንደ ተለካ አብሮ መነገር ነበረበት። ከመለካቱም በፊት በኃይሉ አንድ ሦስተኛ ለአንድ ሰዓት ሠርቶ መሞቅ ነበረበት። እ. ኤ. አ. በ1978 የወጣው ናድ 3020 የተባለ አምፕሊፋየር በየወገኑ 20 ዋት ብቻ ተጽፎበት በዓለም ስመ ጥር ሆኗል። ሃሮልድ ሊክ የተባለው እንግሊዛዊም እ. ኤ. አ. በ1945 ላወጣው አምፕሊፋየር «ፖይንት ዋን» የሚል ስም የሰጠው መዛባቱ ከመቶ 0.1 ብቻ ስለ ነበረ ነው። ሰውየው የለካውን ቁጥር የዕቃው ስም አደረገው ማለት ነው።

እኛም አንድ ሰዓት እናሙቀው ብለን ወሰንን። ቆቦ ቈላ መሆኗን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከቀትር በኋላ በክፍላችን ውስጥ 34 ዲግሪ ሆኖ ሳለ በኃይሉ አንድ ሦስተኛ አሠራነው። በዚህ መጠን ሲሠራ ትራንዚስተሮቹ በሙሉ ኃይል ከሚሠሩበት ጊዜ ይልቅ ሊግሉ ይችላሉ። የጀርባው ብረት እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ነገር ግን አልጠፋም፤ ቁጥሩም አልወረደም። አየር እንዲያገኝ በላዩ ላይ መጽሐፍም ጨርቅም እንዳይቀመጥበት ያዘዝነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሌላም ነገር አገኘን። አንድ ምሽት የመብራቱ መስመር 190 ቮልት ላይ ወርዶ ሳለ እንደገና ለካን። 13.8 የነበረው 11.9 ቮልት ሆነ። የቮልቱ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ኃይሉ ግን ከ24 ወደ 18 ዋት ወረደ፤ ቮልቱ በራሱ ስለሚባዛ ነው። በመሆኑም በወረቀታችን ላይ የመስመሩን ቮልት አብረን ጻፍን። ያለዚያ ቀን የለካና ማታ የለካ ሰው እርስ በርሳቸው «ዋሸህ» ይባባሉ ነበር።

ከኃይል በኋላ የድምፁን ጥራት መረመርን። እዚህ ላይ አንድ ስሕተታችንን ሳልደብቅ ልናገር። ከበሮን የመሰለው ወፍራም ድምፅና የማሲንቆን ጥራት የሚሰጠው ቀጭን ድምፅ እኩል መጐላታቸውን ለማወቅ ከ20 እስከ 20000 ሄርትዝ በኮምፒዩተር ለካን። ወፍራሙ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ «ድንቅ ዕቃ ነው!» ብለን አደነቅን። በማግሥቱ ግን «ላውድነስ» የምትባለው ትንሽ ቁልፍ በርታ እንደ ነበረ አየን። ያደነቅነው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን የራሳችንን ቸልተኝነት ነበር። ቁልፏን አጥፍተን፤ ማስተካከያዎቹን ሁሉ መሐል ላይ አድርገን ስንለካ መስመሩ ቀጥ ያለ ሆነ።

ሁለቱን ወገን ስናስተያይም በአንድ የቁልፍ ቦታ ላይ ግራው 5.8 ቮልት ሲሰጥ ቀኙ 4.1 ብቻ ሰጠ፤ ይኸውም የኃይሉን ግማሽ ማለት ነው። ያ ጠጋኝ «ሞቷል» ያለውም ቀኙ ወገን እየተቈራረጠ ስለ ተሰማው ሳይሆን አይቀርም። መምህራችን ግን የመምረጫውንና የድምፁን ቁልፍ መነካኪያዎች በማጽጃ ፈሳሽ ሲያጸዱ ሁለቱ እኩል ሆኑ። በሽታው የቆቦ አቧራና የዘመን ዝገት ብቻ ነበር።

መዛባቱን ከመለካታችን በፊት በመምህራችን ምክር ኮምፒዩተሩን በራሱ ላይ ለካነው፤ መውጫውን ከመግቢያው ጋር አገናኝተን። ሚዛን ከመመዘኑ በፊት ባዶውን መታየት አለበትና። ከዚያም የአምፕሊፋየሩ ቮልት ኮምፒዩተሩን እንዳያቃጥል በሬዚስታንስ ቀንሰን አስገባን። በ10 ዋት መዛባቱ ከመቶ 0.08 ሆነ፤ በወሰኑ ላይ ግን ከመቶ 1 አለፈ። ምንም ሳይናገር የሚያሰማው የራሱ ሹክሹክታ ደግሞ 1.2 ሚሊቮልት ነው፤ ከሙሉ ድምፁ ጋር ሲነጻጸር በ81 ዴሲቤል ያንሳል። ባዶውን ሲሠራ ጆሮአችሁን እስፒከሩ ላይ ካልለጠፋችሁ አትሰሙትም።

እንግዲህ የኮሚቴው ቀን ደረሰ። በሁለት እጄ የያዝሁት ወረቀት ይንቀጠቀጥ ነበር። እኒያ አባት በፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። ተነሥቼ፤ «አባቴ፤ ባለፈው 120 ያልሁት ስሕተት ነበር፤ የሚበላውን የሚሰጠው አድርጌ ነው የተናገርሁት። ተጠርጎ ሲሰፈር በየወገኑ 24 ነው» አልሁ። ሣቅ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አልሣቀም። እርሳቸውም፤ «እንግዲያው በ24ቱ እንነጋገር» አሉ።

በ24ቱ ተነጋገርን። የሱቁን ዕቃ ስንጠይቅ 1000 ዋት የተባለው ፒ. ኤም. ፒ. ኦ. በሚባል፤ የተስማሙበት የአለካክ ሥርዓት በሌለው ቁጥር መሆኑ ታወቀ። በዕቃው ጀርባ በትንሽ ፊደል የተጻፈው የሚበላው ኃይል 60 ዋት ብቻ ነበር። ከሚበላው በላይ ዘወትር የሚያወጣ ዕቃ ደግሞ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ አሮጌው የኛ ዕቃ ከአዲሱ የሚያንስ አልሆነም።

ይሁን እንጂ አሮጌው ለሁሉ ይበቃል ማለትም እውነት አልነበረም። ባንድ ዋት በ1 ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል የሚሰጥ እስፒከር በ24 ዋት 104 ያህል ይሰጣል። በሜዳ ላይ ርቀቱ ዕጥፍ በሆነ ቍጥር 6 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ በ32 ሜትር ላይ 74 ብቻ ይቀራል። ይህ ለአዳራሽ በቂ ነው፤ ነፋስና የብዙ ተማሪ ጫጫታ ባለበት ሜዳ ግን አይበቃም። ዋቱን ዐሥር ዕጥፍ ብናደርገው እንኳ ጆሮ የሚሰማው ዕጥፍ ያህል ብቻ ነው። ለሜዳ የሚሻለው በጥቂት ዋት አርቆ የሚጮኸው የጡሩምባ ቅርጽ ያለው እስፒከር ነው።

ኮሚቴውም ይህን ሰምቶ አሮጌው አምፕሊፋየር በአዳራሹ እንዲያገለግል፤ ለሜዳው ሁለት ባለ ጡሩምባ እስፒከሮች ከትንሽ አምፕሊፋየራቸው ጋር እንዲገዙ፤ የተረፈውም ገንዘብ ለቤተ ሙከራችን መሣሪያ እንዲውል ወሰነ። ከዚሁ ገንዘብ የተገዛው የመጀመሪያው ዕቃ እውነተኛ ባለ 8 ኦም ሬዚስታንስ ነው። የምድጃውን ሽቦ ለባለቤቱ መልሰናል፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ ቡና ስታፈላ አልተቈጣችኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ ሥራ የቀረልኝ ትምህርት አጭር ነው። ቁጥር ብቻውን አይቆምም። «24 ዋት» ብሎ ማቆም ግማሽ ንግግር ነው፤ «በ8 ኦም፤ ሁለቱም ወገን እየሠራ፤ በ400 ሄርትዝ፤ መስመሩ 220 ቮልት ሳለ፤ ሞገዱ ሳይቈረጥ» ሲባል ግን ሌላ ሰው ነገ መጥቶ ሊፈትነው ይችላል። ሊፈተን የሚችል ቃል ደግሞ ተናጋሪውን ያስከብራል፤ ስሕተት ቢገኝበት እንኳ ሊታረም ይችላልና። የሰው ዕቃም፤ የሰው ሥራም፤ የራሳችንም የፈተና ውጤት ቢሆን «ስንት?» ከማለት በፊት «እንዴት ተሰፈረ?» ብለን እንጠይቅ።

የለካነውን ሁሉ ከነቀኑና ከነሁኔታው ጽፈን ወረቀቱን በዚህ ሣጥን ሥር ለጥፈነዋል። በሚመጡት ዓመታት የሳይንስ ክበብ አባሎች እንደገና ለክታችሁ ከሥሩ የእናንተን ቁጥር እንድትጽፉ አደራ እላለሁ። ከኛ ያነሰ ብታገኙ አትደብቁት፤ የበለጠ ብታገኙም መጀመሪያ ላውድነሷን ተመልከቱ።